ከባሕር በታች የተቀመጠው ፊቴ

ስለ ፍርሃቴ ከመጻፌ በፊት ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። አለዚያ አንባቢው ድሮውንም ፈሪ ሰው ነበር ብሎ ያልፈኛል፤ እንደዚያ ደግሞ አይደለም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። ግንበኝነትን በዐይኔ አይቼ ለመድኩ፤ አናጢነትን የሰው መጋዝ ተውሼ ለመድኩ፤ የኤሌክትሪክ ሥራን ሁለት ጊዜ ነዝሮኝ በሦስተኛው አወቅኩት። ወደ አሜሪካ ስመጣ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው የሚበሩ ሰዎችን በሹትል ማመላለስ ስጀምር ግን ከተሳፋሪው ጋር እያወራሁ ቋንቋውን ከአፋቸው ወሰድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ፤ አንድ መኪና አልጫርኩም። የቤተ ክርስቲያናችንን ምድር ቤት መብራት የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሊመረምር የመጣው ሰው ሽቦዎቹን አይቶ ማን እንደሠራቸው ጠየቀ፤ እኔን ጠቆሙት፤ መጥቶ ጨበጠኝ። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ጥርሴ የራሴ ነው። ማውንትሌክ ቴራስ ያለውን የቤታችንን አሸንዳ በየመከሩ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የምጠርገው ራሴ ነኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚያውቀኝ በአሸዋው ታሪክ ነው። ሃያ ዓመቴ ላይ፣ ከሞጆ ወጣ ብሎ አሸዋ በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ስቆፍር ግድግዳው ተደርምሶ ቀበረኝ፤ እኔም በገዛ እጄ ምሼ ወጣሁ። በየሰርጉና በየለቅሶው አውርቼዋለሁ። ዘወትር ሐሙስ ካፌ የምንቀመጠው ጓደኞቼ በቃላቸው ይዘውታል።

"ዛሬ ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው?" ይለኛል አንደኛው፣ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ። "ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበር።"

"አራት ነው።"

"እንግዲህ አንተ ታጥራለህ፣ ጉድጓዱ ያድጋል።"

ይሳቃል። እኔም እስቃለሁ። ወደዚህ ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ።

ልጄ አንድ ናት። ወደዚህ ያመጣኋት በሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ ሁለታችን አንድ ቤት እንኖራለን። የምትሠራው ኦበርን፣ መጋዘኖቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ የአንዲት አሜሪካዊት ቀራፂ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሥራቸው የሰው ቅርጽ ማውጣት ነው፤ ቅርጾቹ የሚቆሙት ግን አደባባይ ላይ ሳይሆን ባሕር ውስጥ ነው። ሩቅ፣ ውሃው ሞቃት በሆነበት አገር፣ ኮራል በሚበቅልበት ዳርቻ፣ ስድስት ሜትር ወደ ታች፣ የባሕሩ አሸዋ ላይ ሙዚየም አለ። ጣሪያም በርም የለውም። ያለው የሲሚንቶ ሰው ነው፦ የቆመ፣ የተቀመጠ፣ የተኛ። ጎብኚው አየር በጀርባው ተሸክሞ ይጠልቅና በመካከላቸው ይዋኛል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው ትላለች ልጄ፤ ቀስ እያለ ሲሚንቶው ላይ ይይዛል፣ ዓሣውም በሰዎቹ ብብትና ጉልበት ሥር ይጠለላል። እያንዳንዱ ፊት ከእውነተኛ ሰው ላይ የተወሰደ ነው።

መጀመሪያ ስትነግረኝ እራት እየበላን ነበር። ጉርሻዬን አስቀመጥኩ።

"ሰዎቹ ያውቃሉ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ፊታቸው ውሃ ውስጥ እንደሚቀር።"

"ኦፍኮርስ ያውቃሉ፣ አባዬ። ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት።"

እኔን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፤ ጉርሻዬን አነሳሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄ እዚያ ባልዲ አጥባለች፣ ጄሶ አቡክታለች፣ የሌላ ሰው ቅርጽ አሸክማ ሸኝታለች። ባለፈው ዓመት ቀራፂዋ አንድ ቅርጽ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ብቻዋን እንድትሠራ ፈቀደችላት። የተቀመጠ ሽማግሌ ነበር። ሞዴል የሚሆነውን ሰው አገኘች፣ ሥዕሉን ነደፈች፣ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ስታፏጭ ሰማኋት።

ሐሙስ ዕለት ካፌ ተቀምጠን ሳለ ኮል አደረገችልኝ።

"አባዬ፣ ቢዚ ነህ?"

ልጄ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ሞዴል የሚሆነው ሽማግሌ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። ቅርጾቹን የሚወስደው ኮንቴይነር ሰኞ ይሄዳል፤ ሲሚንቶው የሚፈሰው እዚያው ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ ከዚህ የሚላከው የጄሶው ቅርጽ ነው። ገላው ተሠርቷል፤ ፊቱ ቅዳሜ ካልተወሰደ የእሷ ሽማግሌ አይገባም፤ ሙዚየሙ ደግሞ በዚህ ጭነት ይሞላል። የፊት ልክ የሚወሰድበት ዱቄትም የቀረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ያለ ስሕተት።

"ሽማግሌ ብትፈልጊ ነው እኔን ያሰብሽኝ?" አልኳት።

"ቆንጆ ሽማግሌ ብፈልግ ነው።"

"እመጣለሁ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ፤ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑ ገባን። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ በጄሶ የነጣ ትልቅ ክፍል ነው። በአንድ በኩል የተጠናቀቁት ቅርጾች በፕላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ወደዚያ ላለማየት ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ቀራፂዋ ረጅም፣ ሽበቷን ያሳጠረች ሴት ናት። ፎርም አምጥታ እያነበበች ትሞላ ጀመር።

አስም አለብህ? የለብኝም። የልብ ሕመም? የለም። ጠባብ ቦታ ወይም ጨለማ ያስፈራሃል?

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔን?" አልኩ በእንግሊዝኛ። "እኔ አሸዋ ውስጥ ተቀብሬ በገዛ እጄ የወጣሁ ሰው ነኝ።" ታሪኩንም አወራሁላት። አራት ሜትር አልኳት። ቀራፂዋ ብዕሯን ይዛ አፏን ከፍታ ሰማችኝ፤ "አያስፈራውም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ፈረምኩ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ብርድ ልብስ ከአፍንጫዬ በላይ ስቤ አላውቅም። ሊፍት ውስጥ አልገባም፤ ለጤና ነው እያልኩ ደረጃ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ሐኪሙን ወገቤን ያመኛል ስለው እንደ ቧንቧ ያለ ማሽን ውስጥ ሊያስገቡኝ አጋደሙኝ፤ ወገቤ ዳነ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ይህን ሚስቴ እንኳን አታውቅም ነበር።

ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ልጄ ቅንድቤንና ጢሜን ቫዝሊን ቀባችኝ። ቀራፂዋ አንገቴ ላይ ያለውን ክር አውልቀው አለች። ማተቤ ነው፤ አላወልቅም አልኩ። ልጄ ስለ እኔ ተከራክራ ክሩንም ቫዝሊን ቀባችው። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ እጄን ጭኔ ላይ አስተካከለች።

"አባዬ፣ አሁን ስማኝ። አፍህ ይዘጋል፣ ዐይንህም ጆሮህም ይዘጋል። አፍንጫህን ክፍት እተውልሃለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከተንቀሳቀስክ ይሰነጠቃል፣ ሶ አትንቀሳቀስ። ደህና ከሆንክ አውራ ጣትህን አንቀሳቅሳት። ካቆምክ ወይም እጅህን ካነሳህ ወዲያው እናወጣሃለን። ኦኬ?"

"ሕፃን አደረግሽኝ እኮ" አልኳት። በዚያ ቀን በአፌ የተናገርኩት የመጨረሻው ጉራ እሱ ነው።

ከዱቄቱ የተበጠበጠው ሊጥ ቀዝቃዛ ነበር። የጥርስ ሐኪም የጥርስ ልክ የሚወስድበት ዓይነት ነው፤ ሽታውም የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ነው። ከግንባሬ ጀምሮ ወረደ። ዐይኔ ላይ ሲደርስ የወርክሾፑ መብራት ጠፋ። አፌ ላይ ሲደርስ ከንፈሬን ገጠምኩ። ጆሮዬ ላይ ሲደርስ ዓለም ሁሉ ከግድግዳ ወዲያ ሄደ፤ የቀረኝ የልቤ ድምፅ ነው። ከዚያ ሊጡ እንዳይወድቅ ጄሶ የተነከረ ፋሻ በላዩ ይደርቡ ጀመር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ድርብ። ጭንቅላቴ ከበደ። አንገቴ ከበደ። ደረቴ ላይ ሲደርስ ትንፋሼ አጠረ።

እስከዚህ ድረስ ችዬዋለሁ። ያልጠበቅኩት ሙቀቱን ነው። ጄሶ ሲደርቅ እንደሚሞቅ አውቃለሁ፤ በእጄ ስንት ኩንታል ለስኛለሁ። ግን ፊቴ ላይ ሲሞቅ አሸዋው መጣ። ያን ቀን አሸዋው ሞቃት ነበር። ፀሐይ የዋለበት ነው፤ ሲደፋብኝ እንደ ሰው ገላ ነበር የሚሞቀው። ከዚያ ወዲያ ኦበርን ወንበር ላይ መቀመጤን ማመን አቃተኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ። የግራ አፍንጫዬ ተዘጋ። በቀኙ ብቻ፣ በቀጭን ፉጨት፣ አየር ይገባል፤ ይህ ደግሞ ቢዘጋስ የሚለው ሐሳብ ከራሱ ከመዘጋቱ ይብሳል።

አውራ ጣቴ መንቀሳቀስ የጀመረችው ያኔ ነው። ደህና ነኝ ለማለት አልነበረም። እግዚኦ እያልኩ ነበር። እንደለመድነው፣ በጣት አንጓ ነው የምቆጥረው፦ አራት ጣት፣ በየጣቱ ሦስት አንጓ፣ አሥራ ሁለት። ሦስት ዙርና አምስት፣ አርባ አንድ። አውራ ጣቴ ከትንሿ ጣት ጀምራ በአንጓዎቹ ላይ ትሄዳለች። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ልጄ ናት። ቀራፂዋ እጄን አይታ ፈገግ አለች። "አባትሽ ጀግና ነው፤ እይ፣ ጣቱ አንድ ጊዜም አላቆመችም" አለቻት። ልጄ ወደ እጄ ጎንበስ አለች። ጣቴ ዝም ብላ እንደማትንቀሳቀስ፣ ከአንጓ ወደ አንጓ እንደምትሄድ አየች። ይህን እጅ ከዚያ በፊት ያየችው አንድ ጊዜ ነው፤ እናቷ የመጨረሻ ቀዶ ጥገና ላይ እያለች፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። ያኔም "ደህና ናት፣ አትፍሪ" እያልኳት ነበር፤ ከሶፋው ጎን ያለችው አውራ ጣቴ ግን እንዲሁ ትሄድ ነበር።

እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠፋብኝ። ሦስተኛ ስጀምር ቃሉ ራሱ ጠፋኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሦስት ቃል ጠፋኝ። እጄ ከጭኔ ላይ መነሳት ጀመረች። ከፍ እንዳትል እየተማጠንኳት ትነሳ ነበር።

አንድ ሌላ እጅ ያዛት። ከዚያ ጄሶው ላይ፣ ጆሮዬ ባለበት በኩል፣ የልጄ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። በአማርኛ ነበር።

"አባዬ፣ እየፈራህ ነው። አውቃለሁ። ላወጣህ ነው፤ ስለ እኔ አታስብ። እሺ ካልክ እጄን ጨብጥ።"

ግንበኛ ነኝ፤ ጄሶ ምን ያህል ቆይታ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ገና አልያዘም ነበር። አሁን ቢነሳ ሊጡ ይቀደዳል፤ ሌላ ዱቄት የለም፤ ኮንቴይነሩ ሰኞ ይሄዳል። ስድስት ዓመት ባልዲ ያጠበችበት ነገር በእኔ አንድ ጭብጥ ያበቃል። እንደ መጨበጥ ደግሞ በሕይወቴ የፈለግኩት ነገር የለም።

አልጨበጥኩም። የእሷን አውራ ጣት ይዤ የትንሿ ጣቴ የመጀመሪያ አንጓ ላይ አስቀመጥኩት።

ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጫን አደረገችው። ወደ ሁለተኛው አለፈች። ጫን። ወደ ሦስተኛው። ይህችን ልጅ በልጅነቷ ሳስቆጥራት "ቦሪንግ ነው" እያለች ስንት ጊዜ ሶፋው ላይ ተኝታብኛለች። ረስታዋለች ብዬ ትቼው ነበር። አንድም አንጓ አልዘለለችም። ድምፅዋ በጄሶው በኩል ንዝረት ሆኖ ይደርሰኛል፤ ቃሉን ባልሰማውም ርዝመቱን አውቀዋለሁ። ፍርሃቱ አልሄደም። አሸዋው እዚያው ነበር፣ ሙቀቱም፣ ቀጭኑ ፉጨትም። የማደርገው ነገር ግን አገኘሁ፤ የሚመጣውን አንጓ እጠብቃለሁ። አርባ አንድ ሞላች። እንደገና ጀመረች። አራተኛው አርባ አንድ ላይ ሳለን ፋሻው ከጀርባዬ ሲሰነጠቅ ሰማሁ።

ብርሃኑ ሲመጣ ማንንም አላየሁም። ጣሪያውን ብቻ አየሁ፣ ረጅም ጣሪያ። ለሃጬ ጢሜ ላይ ወርዷል። ቀራፂዋ ሃያ ሰባት ደቂቃ ብላ ታጨበጭባለች።

"ዝንፍ ብያለሁ?" አልኳት ልጄን።

"አላልክም" አለችኝ፤ ጢሜን በፎጣ እያበሰች።

ከሰዓት በኋላ ከፊቴ በተነሳው ቅርጽ ውስጥ ጄሶ ሞልተው ፊቱን አወጡት። ጥሪኝ ብያት ነበር፤ ባላልኳት ይሻለኝ ነበር። ነጭ ነው። ዐይኑ ተከድኗል፣ አፉ ተገጥሟል፣ አንገቱ ላይ የማተቡ መስመር ሳይቀር ወጥቷል። ግንዘት ላይ ስንት ሰው አይቻለሁ፤ ራሴን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ይህ ነገር ነው ባሕር ወለል አሸዋ ላይ የሚቀመጠው። አይሂድ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጄ ከጎኑ ቆማ የጆሮውን ጫፍ በትንሽ ብሩሽ ትጠርግ ነበር፤ ፊቷን አይቼ አፌን ዘጋሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳችው እሷ ናት። አውራ ጎዳናው ውስጥ ስንገባ፣

"አባዬ፣ ፎርሙ ላይ ለምን ዋሸህ?" አለች።

ያን ጊዜ ነገርኳት። በገዛ እጄ አልወጣሁም። ሦስት ሰዎች ናቸው ያወጡኝ፤ ሁለቱን ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም። ጉድጓዱ ከእኔ ቁመት እምብዛም አይበልጥም ነበር። ገላዬ በሙሉ ተቀብሮ፣ አንድ እጄ ብቻ ከአሸዋው በላይ ቀርታ ነበር፤ የምትንቀሳቀሰው አውራ ጣቴ ብቻ። እየቆጠርኩ ነበር። ጣቲቱን አይተው ነው የቆፈሩልኝ።

ልጄ ከአውራ ጎዳናው የምንወጣበትን አልፋው ሄደች፤ እኔም አልነገርኳትም።

"እጆቹን ነገ ከአንተ ላይ እወስዳቸዋለሁ" አለች በመጨረሻ። "ጉልበቱ ላይ ዝርግ ላደርጋቸው ነበር። አላደርግም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን በጄሶው ፋሻ ብቻ ወሰደች፤ አውራ ጣቴ የቀለበት ጣቴ መካከለኛ አንጓ ላይ እንዳለች። ሰኞ ኮንቴይነሩ ከነሽማግሌው ሄደ።

ከወራት በኋላ ሽማግሌው ባሕር ውስጥ ሲወርድ የተቀረጸውን ቪዲዮ ላከችልኝ። ብቻዬን ማየት ስላልደፈርኩ ካፌ ይዤው ሄድኩ። የሲሚንቶው ሽማግሌ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ውሃው እግሩን ወሰደ፣ ጭኑን ወሰደ፣ ደረቱ ላይ ሲደርስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። አፉ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አናቱ ተሸፈነ። ሰማያዊ ብቻ ሆነ። ከዚያ ካሜራው ወርዶ አገኘው፤ አሸዋው ላይ ተቀምጧል፣ ይቆጥራል። አንዲት ቢጫ ዓሣ መጥታ በክንዱና በጎኑ መካከል ገባች፤ አልወጣችም።

ታክሲ ነጂው መነጽሩን አወለቀ።

"ቁርጥ አንተን ነው" አለ። "አፉን መዝጋቷ ላይ ብቻ ነው የተሳሳተችው።"

ሳቁ። ሌላው ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ። ስድስት አልኩ። "ይሄኛውን እንኳን እናምንሃለን" አለ። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የሌላኛውን ጉድጓድ ልክ ነገርኳቸው። ስለ ሦስቱም ሰዎች ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አላቋረጠኝም።

እንግዲህ የቻልኩትን ልቁጠር። ሃያ ሰባት ደቂቃ ከጄሶ ሥር ተቀመጥኩ፤ ቀራፂዋ ከዚያ በፊት በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሲችለው እንዳላየች ነግራኛለች። በአንድ አፍንጫ ተነፈስኩ። ማተቤን አላወለቅኩም። እጄን ማንሳት ጀምሬ መለስኳት፤ በእርግጥ ልጄ ይዛልኛለች። ቁጥሩ ጠፍቶብኝ እሷ ዘንድ አገኘሁት፤ ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ። መጨበጥ እየፈለግኩ አልጨበጥኩም። የልጄ ሽማግሌ ባሕር ውስጥ ገባ። ፊቴን ሞቶ አይቼ እራቴን በላሁ። ውሸቴን በሰባ ሁለት ዓመቴ በገዛ አፌ አፈረስኩ፤ ማንም አልረዳኝም። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሐኪም ቤት ሊፍት ውስጥ ገባሁ፣ ከልጄ ጋር፣ እጇን ይዤ፣ እስከ ሦስተኛው ፎቅ።